ምዕራፍ ሰባት፦ የቢሊዮኖች ደጅ ጥናት

ኦገስት 6 ቀን 2025 የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ በዋይት ሐውስ፣ በፕሬዚዳንቱ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ሳጥን ከፍተው ክብ መስታወት አወጡ። የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ስም ተቀርጾበታል። መስታወቱ ኬንታኪ ከሚገኘው የኮርኒንግ ፋብሪካ የመጣ ነው፤ የሚቆምበት መቀመጫ ደግሞ ዩታ ውስጥ የተሠራ ባለ 24 ካራት ወርቅ ነው። ኩክ ይህን ሁሉ በካሜራ ፊት አስረዱ። በዚያው መድረክ፣ አፕል በአራት ዓመት ውስጥ አሜሪካ ላይ አወጣዋለሁ ባለው 500 ቢሊዮን ዶላር ላይ ሌላ 100 ቢሊዮን እንደሚጨምር ተነገረ። ፕሬዚዳንቱም በበኩላቸው ከውጭ በሚገቡ ቺፖች ላይ የ100 በመቶ ቀረጥ እንደሚጥሉ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚገነቡ ወይም ለመገንባት ቃል የገቡ ኩባንያዎችን ግን እንደማይነካ አስታወቁ።

ባዶ እጅን ከገዥ ፊት መቅረብ ነውር በሆነበት ባህል ውስጥ ላደገ አንባቢ ይህ ትዕይንት እንግዳ አይሆንበትም። እጅ መንሻ ነው። ነገር ግን ወርቁን ብቻ አይተን እንዳናልፍ። ወርቁ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፤ ፕሬዚዳንቱ ይዘውት አደባባይ የሚወጡት 600 ቢሊዮን የሚለውን ቁጥር ነው። ለመራጭ የሚነገረው፣ በምርጫ ቅስቀሳ የሚደጋገመው፣ የጋዜጣ ርዕስ የሚሆነው እሱ ነው። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ቁጥር ነው፦ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ሳይፈጸም ሲቀር ደግሞ ዕዳው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ። (በዚህ መጽሐፍ እንደሌሎቹ ምዕራፎች ሁሉ ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አፕል እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያወጣ የመጀመሪያው አልነበረም። ጃንዋሪ 2018 ላይ፣ የኩባንያዎችን የገቢ ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ ያወረደው ሕግ ከተፈረመ አንድ ወር ሳይሞላው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለአሜሪካ ኢኮኖሚ ከ350 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያበረክት መግለጫ አውጥቶ ነበር። በየዜናው የተራባው 350 የሚለው ነው። መግለጫውን እስከ ታች ላነበበ ሰው ግን ስሌቱ እዚያው ተቀምጧል። ኩባንያው በዚያ ዓመት ለአሜሪካ አቅራቢዎችና አምራቾች 55 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እከፍላለሁ ብሎ ይገምት ነበር። ይህ ስልክና ኮምፒውተር ለመሥራት የግድ የሚወጣ የዘወትር ወጪው ነው። በአምስት ዓመት ሲባዛ 275 ቢሊዮን ይሆናል። የሚቀረው 75 ቢሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ 38 ቢሊዮን ገደማው ኩባንያው ውጭ ሀገር አከማችቶት በነበረው ትርፍ ላይ አዲሱ ሕግ አስገድዶ የሚያስከፍለው ግብር ነው። እንግዲህ እንደ አዲስ ሊቆጠር የሚችለው 37 ቢሊዮን ያህል፣ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ገንዘብ ነው። ሕዝቡ ሰማሁ ያለውና በእርግጥ የተባለው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራርቀዋል።

በዚሁ መግለጫ አፕል 20,000 አዳዲስ ሥራዎች እንደሚፈጥር ገለጸ። ኤፕሪል 2021 ላይ፣ ጆ ባይደን ሥልጣን በያዙ በሦስት ወራቸው፣ ቁጥሩ 430 ቢሊዮን ሆነ፤ ሥራውም 20,000 ተባለ። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ፣ ትራምፕ በተመለሱ በወሩ፣ ወደ 500 ቢሊዮን ከፍ አለ፤ አሁንም 20,000 ገደማ ሰው እቀጥራለሁ ተባለ። በዚህ በመጨረሻው ድምር ውስጥ ለአቅራቢዎች የሚከፈለው ገንዘብ፣ የኩባንያው ሠራተኞች፣ የዳታ ማዕከላት፣ ለአፕል ቲቪ የሚቀረጹ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ሳይቀሩ ገብተዋል።

አፕል ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። ገንዘቡ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ደመወዙም የሚከፈል ደመወዝ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ወጪ ያለ መግለጫውስ አይወጣም ነበር ወይ? ኩባንያው በማንኛውም ፕሬዚዳንት ዘመን የሚያደርገውን ነገር ሰብስቦ፣ ደምሮ፣ ለወቅቱ ባለሥልጣን እንደ ገጸ በረከት ማቅረቡ ነው ጥበቡ። የሚያስወጣው ተጨማሪ ወጪ አነስተኛ ነው። በምላሹ የሚያገኘው ጆሮ ግን በገንዘብ አይገዛም።

ኖቬምበር 2019 የሆነው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ትራምፕ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ሄደው ማክ ፕሮ የሚባለው ኮምፒውተር የሚገጣጠምበትን ፋብሪካ ከኩክ ጋር ጎበኙ። በዚያው ቀን ትልቅ የአፕል ፋብሪካ መርቄ ከፈትኩ ብለው በትዊተር ጻፉ። ፋብሪካው ግን ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት በነበሩበት በ2013 ሥራ የጀመረ፣ ንብረትነቱም በኮንትራት የሚሠራለት የሌላ ኩባንያ ነው። ኩክ አጠገባቸው ቆመው ነበር፤ አላረሙም። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ መንግሥት ከቻይና ከሚመጡት የማክ ፕሮ ዕቃዎች አንዳንዶቹን ከቀረጥ ነፃ አድርጎ ነበር። አንዱ ስለ ሌላው የተደረገ ነው ብሎ የሚያረጋግጥ ወረቀት የለም። ወረቀት አለመኖሩ ራሱ ነው የዚህ ዓይነቱ ግንኙነት ባሕርይ።

በሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ምሽት ደግሞ ትራምፕ የቴክኖሎጂ ኩባንያ መሪዎችን በዋይት ሐውስ ራት ጋብዘው፣ እያንዳንዳቸው አሜሪካ ላይ ስንት እንደሚያፈሱ በየተራ ጠየቁ። ኩክ 600 ቢሊዮን አሉ። የሜታው ማርክ ዙከርበርግ እስከ 2028 ቢያንስ 600 ቢሊዮን አሉ። የጉግሉ ሱንዳር ፒቻይ በሁለት ዓመት 250 ቢሊዮን አሉ። ቆይቶ ዙከርበርግ ወደ ፕሬዚዳንቱ ጠጋ ብለው የትኛውን ቁጥር እንደፈለጉ እርግጠኛ እንዳልነበሩ ሲነግሯቸው ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። በኋላ በሰጡት ማብራሪያ ኩባንያቸው እስከ 2028 ያንን ያህል፣ እስከ አሥር ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያወጣ እንደሚችል ገልጸዋል። ሊሆን ይችላል፤ ሜታ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያወጣው ገንዘብ በእርግጥም በየዓመቱ እየናረ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የታየው ግን ከማንም ባላንጣ ያነሰ ቁጥር ጠርቶ መውጣትን ማንም እንደማይፈልግ ነው። የጃፓኑ የሶፍትባንክ መሪ ማሳዮሺ ሶን ይህን ቀድመው የተረዱ ሰው ናቸው። ዲሴምበር 2016 ላይ 50 ቢሊዮን ዶላርና 50,000 ሥራ አሉ፤ ዲሴምበር 2024 ላይ 100 ቢሊዮንና 100,000 ሥራ አሉ። በዚያኛው መድረክ ትራምፕ ወደ 200 ከፍ እንዲያደርጉት በካሜራ ፊት ጠየቋቸው። ከአንድ ወር ጥቂት ቀናት በኋላ ከኦፕንኤአይና ከኦራክል ጋር ሆነው 500 ቢሊዮን የተባለውን የስታርጌት የዳታ ማዕከላት ዕቅድ አስተዋወቁ። የዕቅዱ የመጀመሪያ ቦታ የተባለው የቴክሳሱ አቢሊን ግንባታ ግን ከምርጫው በፊት፣ በ2024 አጋማሽ ላይ ተጀምሮ ነበር።

እስካሁን ያየነው ጉዳት የሌለው ሊመስል ይችላል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይደሰታል፣ ሕይወት ይቀጥላል። ቁጥሩ ከመድረክ ወርዶ መሬት ሲነካ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ወደ ዊስኮንሰን መሄድ ያስፈልጋል።

ማውንት ፕሌዛንት በሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ከሚልዋኪ ወደ ቺካጎ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በቆሎና አኩሪ አተር የሚታረስባት የራሲን ካውንቲ መንደር ናት። ጁላይ 26 ቀን 2017 ዕጣዋ በዋይት ሐውስ የተወሰነ ያህል ሆነ። በዚያ ቀን አይፎን በመገጣጠም የሚታወቀው የታይዋኑ ፎክስኮን መሪ ቴሪ ጉ፣ ከትራምፕ፣ ከዊስኮንሰን አገረ ገዥ ስኮት ዎከርና ከአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ፖል ራያን ጋር ቆመው፣ ደቡብ ምሥራቅ ዊስኮንሰን ላይ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የቴሌቪዥን ስክሪን ፋብሪካ እንደሚሠሩና እስከ 13,000 ሰው እንደሚቀጥሩ ተናገሩ። ፎክስኮን በ2013 ፔንሲልቫኒያ፣ ሃሪስበርግ ላይም 30 ሚሊዮን ዶላር አፍስሼ 500 ሰው እቀጥራለሁ ብሎ ነበር፤ ያ ፋብሪካ አልመጣም። በዚያ ቀን ስለ ሃሪስበርግ የጠየቁ ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን በጭብጨባው ተዋጠ።

ዊስኮንሰን በበኩሏ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ማበረታቻ አዘጋጀች። ከዚህ ውስጥ 2.85 ቢሊዮኑ የታክስ ማበረታቻ ይባል እንጂ በተግባር ጥሬ ገንዘብ ነበር፤ ምክንያቱም በዊስኮንሰን ሕግ አምራቾች የገቢ ግብር የሚከፍሉት ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ የሚቀነስላቸው ግብር የለም። ስለዚህ ግዛቲቱ ቼክ ትጽፍላቸዋለች። የግዛቲቱ ምክር ቤት የበጀት ባለሙያዎች ሁሉም ነገር እንደ ዕቅዱ ቢሄድ እንኳ ያ ገንዘብ የሚመለሰው በ2043 አካባቢ እንደሚሆን አስልተው ነበር። ስሌቱ በይፋ ወጥቷል፤ ሕጉም ጸድቋል።

ጁን 28 ቀን 2018 ትራምፕ፣ ዎከር፣ ራያንና ጉ ወርቃማ አካፋ ይዘው የመሠረት አፈር ቆፈሩ። ፕሬዚዳንቱ ፋብሪካውን ስምንተኛው የዓለም ድንቅ ብለው ጠሩት።

መሬቱ እስኪጸዳ ድረስ ግን መንደሩ የራሱን ሥራ መሥራት ነበረበት። ለፋብሪካው ከ1,000 ሄክታር በላይ ቦታ ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ሰው ይኖራል። አብዛኛው ባለቤት በድርድር ሸጦ ወጣ። አልሸጥም ያለውን ለማስነሣት ግን ሕጋዊ መንገድ መፈለግ ነበረበት። በዚያው ወር የመንደሩ ምክር ቤት አካባቢውን በሕግ «የተጎሳቆለ» ብሎ ፈረጀው። የዊስኮንሰን ሕግ ንብረትን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወስዶ ለግል ኩባንያ እንዳይሰጥ ይገድባል፤ የተጎሳቆለ ተብሎ ከተፈረጀ ግን ገደቡ ይላላል። የተጎሳቆለ የተባሉት ሰው ልጆቹን ያሳደገባቸው፣ ሣሩ የታጨደ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ ደህና ቤቶች ነበሩ። ነዋሪዎቹ በእኛ አገላለጽ የልማት ተነሺ ሆኑ። ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ የእርሻ መሬት የነበራቸው ጥሩ ዋጋ ያገኙበት ጊዜም ነበር። ግን ለመሄድ ስላልፈለጉ ብቻ ቤታቸው ጉስቁል ተብሎ በመዝገብ መጻፉን ካሳ አይሽረውም። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን እጅግ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። አንድ ኩባንያ በመድረክ ላይ የጠራው ቁጥር፣ የሰውን ቤት በሕግ ፊት ስሙን አስለወጠው።

መንደሩና ካውንቲው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ተበድረው መሬት ገዙ፣ ውኃና ፍሳሽ ዘረጉ። ግዛቲቱ ከቺካጎ የሚመጣውን ኢንተርስቴት 94 አሰፋች። ፎክስኮን ደግሞ ቀስ በቀስ ማፈግፈግ ጀመረ። ግዙፍ ስክሪን ይሠራል የተባለው ፋብሪካ ወደ አነስተኛ ስክሪን ተለወጠ። በሚልዋኪ፣ በግሪን ቤይና በኦ ክሌር ከተሞች የፈጠራ ማዕከል ይሆናሉ ተብለው የተገዙ ሕንፃዎች ባዶ ከረሙ። ጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ላይ የቴሪ ጉ ረዳት ሉዊስ ዉ ለሮይተርስ በሰጡት ቃል ዊስኮንሰን ላይ ፋብሪካ እየሠራን አይደለም አሉ። ቀናት ሳይቆይ ትራምፕ ከጉ ጋር ተነጋገሩ፤ ኩባንያውም ፋብሪካውን እንደሚሠራ መልሶ አስታወቀ። በዚያ ሳምንት የስክሪን ገበያ አልተለወጠም፤ የማምረቻ ወጪም አልቀነሰም። የተለወጠው መግለጫው ነው።

በ2018 መጨረሻ ፎክስኮን ዊስኮንሰን ውስጥ ቀጥሮ የተገኘው 178 ሰው ነበር። በውሉ መሠረት ማበረታቻ ለማግኘት ቢያንስ 260 መቅጠር ነበረበት። በ2019 መጨረሻ ደግሞ ከ500 በላይ ቀጥሬያለሁ ቢልም ግዛቲቱ ቆጥራ ያገኘችው በውሉ መሥፈርት የሚያልፉ 281 ሠራተኞች ብቻ ነበር። በኦክቶበር 2020 የግዛቲቱ የኢኮኖሚ ልማት ተቋም፣ ኩባንያው እየሠራ ያለው በውሉ የተጻፈውን ፋብሪካ አይደለም ብሎ ክፍያውን ከለከለ። ኤፕሪል 2021 ላይ ውሉ እንደገና ተጻፈ፦ ኢንቨስትመንቱ ከ10 ቢሊዮን ወደ 672 ሚሊዮን፣ ሥራው ከ13,000 ወደ 1,454፣ ማበረታቻው ከ2.85 ቢሊዮን ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ወረደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ማስተዋል አለብን። ግዛቲቱ ያንን ሁሉ ቢሊዮን ከመክፈል የዳነችው በማንም ደግነት አይደለም። ውሉ «መጀመሪያ ቅጠር፣ ከዚያ ትከፈላለህ» የሚል ስለነበር ነው። የመንደሩ ውልም ፎክስኮን ምንም ቢሠራ፣ ቢያንስ 1.4 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ንብረት ተቆጥሮ ግብር እንዲከፍል የሚያስገድድ አንቀጽ ነበረው። እነዚህን አንቀጾች የጻፉት ስማቸው በዜና የማይነሣ የሕግና የፋይናንስ ባለሙያዎች ናቸው። ወርቃማውን አካፋ የያዙት ሰዎች ፎቶ በየጋዜጣው ወጣ፤ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ያዳነው ግን በውሉ ገጾች መሐል የተቀመጠው የቅጥር ሠንጠረዥ ነው። ቅድሚያ የሚወጣው ወጪ፣ ማለትም መሬቱ፣ መንገዱና የፈረሱት ቤቶች፣ እንዲህ ያለ መከላከያ አልነበረውም። የተነቀለ ቤት ኩባንያው ሐሳቡን ስለቀየረ ተመልሶ አይተከልም።

ፖለቲከኞቹስ ምን አገኙ? ዎከር ኖቬምበር 2018 ላይ በቶኒ ኤቨርስ በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ፤ የፎክስኮን ውል በዚያ ምርጫ ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ነበር። ትራምፕም በ2020 ዊስኮንሰንን አጡ። ቁጥሩ በሚጠራበት ቀን የሚሰጠው ሙቀት ረጅም ጊዜ አይዘልቅም። ሆኖም ቀጣዩን ፖለቲከኛ ከመድረኩ አላራቀውም።

ሜይ 8 ቀን 2024 ፕሬዚዳንት ባይደን ወደዚያው አካባቢ መጡ። ማይክሮሶፍት ለፎክስኮን ተብሎ ከተዘጋጀው መሬት ላይ ሰፊ ቦታ ገዝቶ ነበር፤ አሁን 3.3 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የዳታ ማዕከል እንደሚገነባ አስታወቀ። ባይደን በንግግራቸው የወርቃማውን አካፋ ጉዳይ አንሥተው ቀዳሚያቸውን ወቀሱ። የምርጫ ዓመት ነበር፤ ዊስኮንሰን ደግሞ ምርጫ ከሚወስኑት ግዛቶች አንዷ ናት። በሴፕቴምበር 2025 ማይክሮሶፍት ሌላ 4 ቢሊዮን ዶላር ጨመረ። ለማይክሮሶፍት ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሕንፃው ቆሟል። በሺዎች የሚቆጠሩ የግንባታ ሠራተኞችም ሠርተውበታል። ግንባታው ሲያልቅ ግን የመጀመሪያው ማዕከል የሚይዘው ቋሚ ሠራተኛ 500 ገደማ ነው፤ ሁለተኛው ሲጨመር 800 ይደርሳል። የመንደሩ ሰው ቤቱን የለቀቀው 13,000 ሥራ ይመጣል ተብሎ ነበር።

ኩባንያዎቹ እንዲህ ያለ ቃል ሲገቡ ለምን አይፈሩም ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። አንዱ መልስ ሕጉ ነው። በአሜሪካ በ1995 የወጣ የአክሲዮን ገበያ ሕግ ኩባንያዎች ስለ ወደፊቱ የሚናገሩት ነገር ሳይፈጸም ቢቀር፣ አስቀድመው ማስጠንቀቂያ እስከሰጡ ድረስ፣ ከክስ ከለላ ይሰጣቸዋል። ለዚህ ነው ከየመግለጫው ግርጌ «የተባለው ሊለወጥ ይችላል» የሚል ረጅም አንቀጽ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው። ሁለተኛው መልስ ጊዜ ነው። ቁጥሩ የሚጠራው ዛሬ ነው፤ የሚፈተሸው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ሌላ፣ አገረ ገዥው ሌላ፣ ጋዜጠኛውም ሌላ ዜና ላይ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ቀረጥ ሕግ ነው፤ ሕግ ደግሞ ሁሉንም እኩል ሲይዝ ነው ሕግ የሚባለው። ኤፕሪል 2025 ላይ ከቻይና በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ቀረጡ ከ100 በመቶ በላይ ባሻቀበ በቀናት ውስጥ ስማርት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ነፃ ተደረጉ። በዚያው ወር ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃም 10 በመቶ ቀረጥ ተጣለበት፤ ቡናችንም ጭምር። ይርጋ ጨፌና ሲዳማ አስመጥቶ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሲያትል ቆልቶ የሚሸጥ ሐበሻ ነጋዴ ያንን ቀረጥ ከኪሱ ከፈለ። ቡና ነፃ የተደረገው ኖቬምበር ላይ ነው፤ እሱም የምግብ ዋጋ ንሮ መራጩ በማጉረምረሙ። ያ ነጋዴ 600 ቢሊዮን የሚል ቁጥር ይዞ ዋይት ሐውስ አይገባም። ሕጉ ለሁሉም ወጥቶ ማምለጫው ደጅ መጥናት ለሚችል ብቻ ሲከፈት፣ ትንሹ ነጋዴ ከትልቁ የሚወዳደረው በዕቃው ጥራት መሆኑ ይቀራል። ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። ዛሬ ቁጥር ጠርቶ ምሕረት ያገኘ ነገ ከፍ ያለ ቁጥር ይጠየቃል፤ በሶን ላይ የታየው ይህ ነው።

ከዊስኮንሰን የተሻለ ምሳሌ ከፈለግን ብዙ ኢትዮጵያዊ በሚኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ እናገኛለን። አማዞን በ2017 ለሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከተሞችን ሲያወዳድር 238 ማመልከቻ ደረሰው። ብዙዎቹ ያቀረቡትን ማበረታቻ ከራሳቸው ነዋሪ ደብቀው ነበር። ኖቬምበር 2018 ላይ ኒው ዮርክና የቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ተመረጡ። ኒው ዮርክ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ማበረታቻ አቅርባ ነበር፤ የአካባቢው ሰውና ተመራጮቹ ስለተቃወሙ አማዞን በፌብሩዋሪ 2019 ትቶ ወጣ። ቨርጂኒያ ግን ለ25,000 ሥራ 550 ሚሊዮን ዶላር፣ በአንድ ሥራ 22,000 ዶላር አድርጋ፣ ሥራው ተፈጥሮ ደመወዙ ከታየ በኋላ ብቻ ለመክፈል ተዋዋለች። የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች በ2023 ሲከፈቱ የሁለተኛው ዙር ግንባታ ተላለፈ። ቨርጂኒያ ላልመጣ ሥራ አልከፈለችም።

ይቺው ቨርጂኒያ በዳታ ማዕከሎች ጉዳይ ግን እንዲህ ጥንቁቅ አልሆነችም። ማዕከላቱ ለሚገዙት ኮምፒውተር የሽያጭ ታክስ እንዳይከፍሉ የሚፈቅደው ሕግ በ2023 የበጀት ዓመት ብቻ ግዛቲቱን ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የተጠጋ ገቢ አሳጥቷታል። የግዛቲቱ ምክር ቤት የኦዲት ኮሚሽን በ2024 መጨረሻ ባወጣው ጥናት፣ አንድ መካከለኛ የዳታ ማዕከል በግንባታ ወቅት እስከ 1,500 ሰው ቢያሠራም ካለቀ በኋላ የሚቀጥረው 50 ሰው ገደማ ነው። በፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ በዲሴምበር 2023 የጸደቀውን ግዙፍ የዳታ ማዕከል ዕቅድ ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ወስደው፣ ኦገስት 2025 ላይ ዳኛዋ ማስታወቂያው በሕጉ መሠረት አልወጣም ብለው ሽረውታል፤ ጉዳዩም ወደ ይግባኝ ሄዷል። እዚያ ካውንቲ ውስጥ ግዙፉን ዕቅድ የተፈታተነው የጎረቤታሞች ክስ ነው።

በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተን፣ በውድብሪጅና በማናሰስ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ የካውንቲያችሁ ቦርድ ወይም የከተማችሁ ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ስሙን አስመዝግቦ የሚመጣ ነዋሪም ሐሳቡን የሚሰጥበት ደቂቃ ይሰጠዋል። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ኩባንያ ይህን ያህል ቢሊዮን ይዤ መጣሁ ሲል ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሉ የት አለ፣ ቋሚ ሠራተኛው ስንት ነው፣ ሳይፈጸም ቢቀር ማን ይከፍላል። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።